የአሳማ ቫልቭ በሰው ልብ ውስጥ፦ ከእንስሳ ሁሉ አሳማ ለምን ተመረጠ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የ24 ዓመት እኅቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በያዛት የሪውማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚጎዳ ሕመም) ምክንያት ቫልቭ ሊቀየርላት ቀጠሮ ተይዟል። ሐኪሞቹ ከብረት የተሠራ ወይም ከአሳማ የተሠራ ቫልቭ እንድንመርጥ ነገሩን። እናታችን ይህን ከሰማች ወዲህ ‹እሪያ በልጄ ደረት አይገባም› እያለች እህል አልቀምስ ብላለች። ለመሆኑ ከእንስሳ ሁሉ አሳማ ለምን ተመረጠ? ለሰው የሚቀርበው ዝንጀሮ አይደለም ወይ? በዜና የሰማነው የአሳማ ልብ ንቅለ ተከላስ ከዚህ ጋር አንድ ነው? ለእንስሶቹስ የሚያስብላቸው አለ?»

ከሁሉ በፊት እኅትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ተምሬ ጥቂት ዓመታት በአገር ቤት ካገለገልኩ በኋላ፣ ላለፉት 16 ዓመታት በአሜሪካ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ለሕክምና ጥናት የሚውሉ አሳማዎችን ጤና እጠብቃለሁ፤ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸውም ማደንዘዣ የምሰጠው እኔ ነኝ። የሰው ልብ ቀዶ ሐኪም ስላልሆንኩ ለእኅትዎ የትኛው ቫልቭ እንደሚሻል ልወስንላችሁ አልችልም። ነገር ግን አሳማ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደተመረጠ፣ ወደ ሰው ልብ የሚገባውም ነገር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በእጄ ከያዝኩትና በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አሳማ ሰውን ስለሚመስል» የሚል ነው። ይህ መልስ እናትዎን ከማስቀየም በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም፤ ልክም አይደለም። አሳማ በጥቅሉ ሲታይ ሰውን አይመስልም። ተመራማሪ እንስሳ የሚመርጠው በአካል ክፍልና በጥያቄ ነው። የቃጠሎ ቁስል የሚያጠና ሰው አሳማን የሚመርጠው ቆዳው ከሥሩ ካለው ስብ ጋር እንደ እኛ የተጣበቀ በመሆኑ፣ ቁስሉም በአብዛኛው አዲስ ቆዳ እያበቀለ ስለሚድን ነው፤ የአይጥ ቆዳ ግን ልል ስለሆነ ቁስሉ ዳርና ዳሩ ተሳስቦ ይዘጋል፣ ስለዚህም ስለ ሰው ቁስል ብዙ አይነግረንም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ የሳንባ ሕመም ለማጥናት ለዓመታት ዘረመላቸው የተለወጠ አይጦች እንዲባዙ ቢደረግም፣ ሳንባቸው እንደ ሰው አልታመመም፤ በ2008 ያው ጉድለት ያለባቸው የአሳማ ግልገሎች ሲወለዱ ግን ሕመሙ በሰው ላይ በሚታይበት መልክ መታየት ጀመረ። ያው አሳማ ደግሞ ላብ ለማጥናት አይጠቅምም፤ ገላውን በላብ አያቀዘቅዝምና። እንግዲህ «ለምን አሳማ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ «ለምን ነገር?» ተብሎ መቀጠል አለበት። የእናንተ ጉዳይ ቫልቭ ነውና ከእርሱ ልጀምር።

ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት አልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው። ከአሳማ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ወደ ዋናው ደም ቅዳ የሚያሳልፈው ባለ ሦስት ክዳኑ በር ሲሆን፣ የሚገኘውም ለሥጋ ከታረዱ አሳማዎች ነው። በፓሪስ የልብ ቀዶ ሐኪሙ አላን ካርፓንቲዬና ባልደረቦቹ በ1965 የመጀመሪያዎቹን የአሳማ ቫልቮች በሰው ልብ ውስጥ አስገቡ። በጊዜው ቫልቮቹን ለማቆየት የተጠቀሙባቸው ኬሚካሎች ደካሞች ስለነበሩ የሰውነት መከላከያ ቫልቮቹን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበላሻቸው። ካርፓንቲዬ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግሉታራልዴሃይድ የተባለውን ኬሚካል ሞክሮ መፍትሔውን አገኘ። ይህ ኬሚካል በቆዳ ፋብሪካዎችም ቆዳ ለማልፋት ያገለግላል፤ በቫልቩ ላይ የሚሠራውም ሥራ ከዚያ የራቀ አይደለም። የሥጋውን ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ያስተሳስራቸዋል፣ ሕዋሳቱን ሁሉ ይገድላቸዋል፣ መበስበስን ያስቀራል፣ የሰውነት መከላከያም እንደ ባዕድ የሚለየውን ነገር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ይህን ዕቃ በቅርብ ላላየ ሰው ላሳይ። ቫልቩ የሚመጣው ፈሳሽ በሞላበት የታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሲወጣ ደም የለበትም፣ ሽታውም የኬሚካል እንጂ የሥጋ አይደለም። ሦስቱ ክዳኖች እንደ ስስ ብራና ነጣ ብለው፣ ብርሃን አሳላፊ ሆነው፣ በጨርቅ በተሸፈነ ቀለበት ላይ በጥቃቅን ስፌት ተሰፍተው ይታያሉ። ቀዶ ሕክምናው ውስጥ ያለችው ነርስ ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖች ንጹሕ የጨው ውኃ ትደረድርና ቫልቩን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሸጋገረች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ለደቂቃዎች እያንቀሳቀሰች ታጥበዋለች፤ ኬሚካሉ ወደ ታካሚው ደም እንዳይገባ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሙ የሚረከበው። በውስጡ ሕይወት ያለው ሕዋስ የለም፤ አያድግም፣ አይባዛም፣ ከሰውዬው የደም ዓይነት ጋርም መመሳሰል አይጠበቅበትም፣ በእርሱም ምክንያት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አይታዘዝም። የለፋ ቆዳ ከበሬው ምን ያህል እንደሚለይ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ይህም ቫልቭ ከአሳማው የሚለየው በዚያ መልክ ነው።

የበግ ወይም የበሬ ቫልቭ ለምን አልሆነም? ዋናው ምክንያት መጠን ነው። ለሥጋ የደረሰ የ6 ወር አሳማ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን የልቡ በር ስፋት ለአዋቂ ሰው ይስማማል፤ የበሬው በር ይተልቃል። በዚያ ላይ አሳማ በብዛት ስለሚታረድ በተለያየ መጠን እየለኩ መምረጥ ይቻላል። ይህም ሆኖ መመሳሰሉ ሙሉ አይደለም። የአሳማውን ቫልቭ ገልብጦ ከሥሩ ያየ ሰው ከሦስቱ ክዳኖች አንዱ እግሩ ላይ ወፈር ያለ የጡንቻ መደብ ተሸክሞ ያገኘዋል። በሰው ቫልቭ ላይ ይህ መደብ የለም። ያ ጡንቻ የደሙን መተላለፊያ ስለሚያጠበው አምራቾች ያንን ክዳን አውጥተው በሌላ አሳማ ክዳን እስከ መተካት ደርሰዋል። እኔ ይህን መደብ ለተማሪዎች ሳሳይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ሁለቱ ፍጥረታት የሚገናኙበትና የሚለያዩበት ቦታ በአንድ ጣት ጫፍ ስፋት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያልና።

ለእናትዎ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ። ከእንስሳ የሚሠራ ቫልቭ ሁሉ ከአሳማ አይደለም። የበሬን ልብ የሚሸፍነውን ጠንካራ ስስ ከረጢት ወስደው፣ በዚያው በግሉታራልዴሃይድ አልፍተው፣ በክዳን ቅርጽ ቆርጠው የሚሰፉት ቫልቭ አለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት ከሚገቡት ቫልቮች አንዱም ይኸው ነው። ሐኪሞቻችሁ የነገሯችሁ ምርጫ «ብረት ወይስ አሳማ» ከሆነ «ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ልናገኝ እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በየሆስፒታሉ የሚገኘው የቫልቭ ዓይነት ስለሚለያይ መልሱ እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም።

ስለ ብረቱና ስለ ሥጋው ቫልቭ ልዩነት የእኅትዎ ዕድሜ ብዙ ይናገራል። የብረት የሚባለው ቫልቭ በእርግጥ በአብዛኛው ከልዩ ካርበን የሚሠራ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ይሁን እንጂ ደም በላዩ ላይ ስለሚረጋ ታካሚው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መዋጥና የደሙን ቅጥነት በየጊዜው መመርመር ግድ ይሆንበታል። መጠኑ ሲያንስ ቫልቩ በረጋ ደም ይያዛል፣ ሲበዛ መድማት ይመጣል። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ልጅ መውለድ ለምታስብ ወጣት ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የእንስሳው ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይፈልግም፤ ጉድለቱ ግን ማርጀቱ ነው። በአረጋውያን ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሲያገለግል፣ በወጣቶች ላይ ካልሲየም ፈጥኖ ስለሚከማችበት ክዳኖቹ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ እኅትዎ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቃት አውቃችሁ መግባት አለባችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ ደግሞ በየወሩ ወይም በየሦስት ሳምንቱ የምትወጋው ፔኒሲሊን ቫልቩ ተቀየረ ተብሎ መቋረጥ የለበትም፤ ሕመሙ የቀሩትን የገዛ ራሷን ቫልቮች እንዳይበላ የሚጠብቃት እርሱ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው በቀዶ ሕክምናው ማግሥት «አሁንማ ዳንኩ» ብለው መርፌውን የሚተዉ ወጣቶች ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

አሁን እናትዎ ሊያውቁት የሚገባ፣ ብዙ ሰው ግን የማይነግራቸው አንድ ነገር ልጨምር። ቫልቭ በሚቀየርበት ጊዜ ልብ እንዲቆም ተደርጎ ደም በልብና ሳንባ ማሽን ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ዛሬ በዓለም ላይ ጥቅም ላይ የሚውለው ሄፓሪን በአብዛኛው የሚጣራው ከአሳማ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ነው። ስለዚህ የብረቱን ቫልቭ መምረጥ ብቻውን ከአሳማ ፈጽሞ አያርቅም። ከ1920ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በዓለም ያሉ የስኳር ሕመምተኞች ሲወጉት የኖሩት ኢንሱሊንም ከአሳማና ከከብት ቆሽት የወጣ ነበር፤ የአሳማው ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው ከ51 አሚኖ አሲዶች በአንዱ ብቻ ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱና መተንፈስ ለሚያቅታቸው ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ከሚጨመሩት መድኃኒቶች አንዱም ከአሳማ ሳንባ የተጣራ ነው። ይህን የምጽፈው የእናትዎን ሐሳብ ለማሸነፍ አይደለም። ስለ ንጹሕና ርኩስ የመወሰን ሥልጣን የለኝም፤ ይህ የንስሐ አባታችሁ ድርሻ ነው። ወደ እርሳቸው ስትሄዱ ግን የምትጠይቁት ስለ ምን እንደሆነ በትክክል ተናገሩ፦ አይበላም፣ ሕይወት የለውም፣ በኬሚካል የለፋ ነው፣ ያለ እርሱ ወይም ያለ ምትኩ ደግሞ ልጅቱ አትድንም። እውነቱ ተሸፋፍኖ የተገኘ ፈቃድ በኋላ ሲታወቅ ለእናትም ለልጅም ጸጸት ይሆናልና።

ስለ ዝንጀሮ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞችም መጀመሪያ የሄዱት ወደዚያው ነበር። በ1984 በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ የልብ ጉድለት ይዛ ለተወለደች ጨቅላ የዝንጀሮ ልብ ተተከለላት፤ ልጅቱ የኖረችው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በዝምድና መቅረብ የራሱ አደጋ አለው። ለእኛ የቀረበ እንስሳ የሚሸከማቸው ቫይረሶችም ወደ እኛ ለመሻገር ይቀላቸዋል። ዝንጀሮ በአንድ ጊዜ የሚወልደው አንድ ነው፣ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል፣ ልቡም ለአዋቂ ሰው ያንሳል። ችምፓንዚ ደግሞ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ ነው፤ እኔ በበኩሌ ያን ያህል የሚያስብ ፍጥረት ለመለዋወጫ ሲታረድ ማየት አልሻም። አሳማ ግን 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን አርግዛ በአንድ ጊዜ 10 ያህል ትወልዳለች፤ ሰውም ከአሳማ ጋር ለሺህ ዓመታት አብሮ ስለኖረ በሽታዎቿን ከሞላ ጎደል ያውቃቸዋል።

ለድንገተኛ የልብ ሕመም ጥናት አሳማ ውሻን የተካበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው። ልብን ከሚመግቡት ደም ቅዳዎች አንዱ ሲዘጋ በሰው ላይ የሚደርሰውን ለማየት ቀድሞ ውሻ ይሠራበት ነበር። የውሻ ልብ ግን በደም ቅዳዎቹ መካከል ብዙ መጋቢ መንገዶች ስላሉት አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይደርስለታል፤ ውጤቱም ከውሻ ወደ ውሻ ይለያያል። በአሳማና በጤነኛ ወጣት ሰው ልብ ውስጥ እነዚህ ተለዋጭ መንገዶች ጥቂት ናቸው። በዚህ የተነሣ ደም ሥሩ ሲታሰር በስንት ደቂቃ ስንት ጡንቻ እንደሚሞት፣ መድኃኒት ቢሰጥ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ አሳማው በታማኝነት ይነግረናል። ዋጋውም ከባድ ነው፦ የአሳማ ልብ ደም ሲያጣ በቀላሉ መርበትበት ይጀምራል፤ ደም መርጨቱንም ያቆማል። ከዚህ በተጨማሪ በሰው ላይ የሌለ፣ ከደረት ግድግዳ ደም የሚያመጣ አንድ የግራ ደም መልስ ቀጥታ የልቡን ደም ሰብስቦ ወደሚመልሰው ሥር ይገባል። የልብን ደም ብቻ ለመለካት የሚፈልግ ተመራማሪ ይህን ሥር አስቀድሞ ካላሰረ ልኬቱ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ይህን ባለማወቅ የወራት ሥራቸውን የጣሉ ጎበዝ ሐኪሞች አውቃለሁ።

አሳማው በራሱ ቫልቭ ጉዳይ እንኳ የማይበቃበት ቦታ መኖሩን ብነግራችሁ ይገርማችሁ ይሆናል። አዲስ ቫልቭ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚፈተነው በአብዛኛው በበግ ጠቦት ልብ ውስጥ ነው። አሳማ ፈጥኖ ስለሚያድግ በጥቂት ወራት ውስጥ ልቡ ቫልቩን ይበልጠዋል። የጠቦት ደም ግን ካልሲየምን በቫልቭ ላይ ፈጥኖ ስለሚያከማች፣ በወጣት ሰው ላይ በዓመታት የሚመጣው መድረቅ በጠቦቱ በአምስት ወር ገደማ ይታያል። ለእኅትዎ ከአሳማ የሚሠራ ቫልቭ ቢመረጥላት፣ ለዚያ ቫልቭ ጥናት በጎችም ዋጋ ከፍለዋል ማለት ነው።

ወደ ዜናው ስንመጣ፣ በዜና የሰማችሁት የአሳማ ልብ ንቅለ ተከላ ከእኅትዎ ሕክምና ጋር በስም እንጂ በባሕርይ አይገናኝም። እዚያ የሚገባው ሕይወት ያለው፣ ደም የሚዘዋወርበት አካል ነው። የአሳማ ሕዋስ በላዩ ላይ አልፋ ጋል የሚባል የስኳር ምልክት ይይዛል። እኛ ይህ ምልክት ስለሌለን፣ በአንጀታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ስለሚይዙት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ደማችን በእርሱ ላይ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት አሉት። ያልተለወጠ የአሳማ ልብ በሰው ደም ቢሞላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ጠቁሮ ይሞታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ስኳር የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው አሳማዎች ተወለዱ። በ2018 የሙኒክ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ልብ የተተከለለት ዝንጀሮ እስከ 195 ቀን ድረስ መኖሩን አሳወቁ፤ ከተማሯቸው ነገሮች አንዱ የአሳማው ልብ በባዕድ ደረት ውስጥም ማደጉን እንደማይተውና መገታት እንዳለበት ነው።

በጥር 2022 በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 10 የዘረመል ለውጥ የተደረገበትን የአሳማ ልብ ለአንድ የ57 ዓመት ሰው ተከሉ። ሰውየው የኖረው ሁለት ወር ነው። ከሞተ በኋላ በተደረገው ምርመራ በልቡ ውስጥ ተደብቆ የገባ የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተገኝቷል፤ አሳማው አስቀድሞ ቢመረመርም ቫይረሱ ተኝቶ ስለነበር አልተያዘም። በ2023 የተተከለለት ሁለተኛው ሰው ስድስት ሳምንት ያህል ኖረ። በኩላሊት በኩል እርምጃው የተሻለ ነው፦ በጥር 2025 በቦስተን የተተከለ የአሳማ ኩላሊት ከ8 ወር በላይ ሠርቶ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በብዙ ታካሚዎች ላይ የሚደረግ ሙከራ እንዲጀመር ፈቅዷል። እነዚህ ሁሉ ከባድ የመከላከያ ማዳከሚያ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ሌላ አማራጭ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። የእኅትዎ ቫልቭ ግን ከ50 ዓመታት በላይ በብዙ ሺህ ሰዎች ልብ ውስጥ የታየ ሕክምና ነው።

ስለ ማደንዘዣ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ የእኔ ሙያ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለእኅትዎም ስለሚመለከታት ነው። በ1960 በሜልበርን እግሩ የተሰበረ አንድ ወጣት ከስብራቱ ይልቅ ማደንዘዣውን ፈርቶ ነበር፤ 10 ዘመዶቹ በማደንዘዣ ሥር ሞተውበታልና። ሐኪሞቹ በዘር የሚተላለፍ አዲስ ሕመም መሆኑን የተረዱት በእርሱ ነው። በአንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ጡንቻ ይገተራል፣ የሰውነት ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይንራል፤ በዚያ ዘመን ከሚይዛቸው አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ በአንዳንድ የአሳማ ዝርያዎች ላይ አዩት። ገበሬዎች ግን ቀድሞም ያውቁታል፦ ወደ ገበያ ሲጫን ወይም ሲጣላ በድንገት ተገትሮ የሚሞት፣ ሥጋውም የገረጣና ውኃ ያዘለ የሚሆን አሳማ ነበራቸው። በ1975 በኬፕ ታውን ጋይስፎርድ ሃሪሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም ዳንትሮሊን የተባለው መድኃኒት እነዚህን አሳማዎች ከሞት እንደሚመልስ አሳዩ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች የሚቀመጠው መድኃኒት ይኸው ነው። በ1991 ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች በአሳማው ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም በሚለቀው በር ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን ዘረመል አገኙ፤ በአንዳንድ ሰዎች ቤተሰብም ያው ተገኘ።

እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከአንድ አርቢ የመጣች፣ ከሕመሙ ነፃ ነች የተባለች አሳማ በማደንዘዣ ሥር ሳለች የምታወጣው የተቃጠለ አየር መጠን በመቆጣጠሪያው ላይ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ አየሁ። መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የኋላ እግሯን ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል፤ ሆዷ ላይ ቀይ ንጣፎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ሙቀቷ 42 ዲግሪ ደረሰ። ጋዙን ዘግተን ዳንትሮሊኑን አወጣን። የዚያን ጊዜው ዳንትሮሊን እያንዳንዱ ብልቃጥ በ60 ሚሊ ሊትር ውኃ የሚበጠበጥና በቀላሉ የማይሟሟ ብርቱካናማ ዱቄት ስለነበር አራት ሰዎች ሆነን ብልቃጥ ስንወዘውዝ፣ አንዱ በረዶ ሲያስታቅፋት፣ እኔ በጆሮዋ ደም ሥር ስሰጣት ግማሽ ሰዓት የማያልቅ ሆነብኝ። እግሮቿ ቀስ በቀስ ሲላሉ በእጄ ተሰማኝ። ማታ ተነሥታ ውኃ ጠጣች። ስለዚህ የማደንዘዣ ሐኪሙ «ከቤተሰባችሁ በማደንዘዣ ጊዜ የሞተ ወይም ሙቀቱ በድንገት የናረ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ጥያቄውን በቀላሉ አትለፉት፤ አያትና አጎት ድረስ አስባችሁ መልሱ።

በዚህ ጥናት አሳማዎቹም ተጠቅመዋል። ዘረመሉ ከታወቀ በኋላ አርቢዎች በደም ምርመራ እየለዩ ጉድለቱን ከብዙ መንጋዎች ውስጥ ማጥፋት ችለዋል። የእንስሳት ሕክምና ምርምር አሳማን ለራሱ ሲልም ያጠናዋል። ለአገራችን የሚቀርበው ምሳሌ የአፍሪካ አሳማ ንዳድ ነው። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1921 በኬንያ ሲሆን፣ ቫይረሱ ከርከሮን ሳያሳምም በመዥገር አማካይነት ከርከሮ ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ቤት አሳማ ሲሻገር ግን መንጋውን ይፈጃል። ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ከተከሰተው ወረርሽኝ የተወሰደው ቫይረስ ቀድሞ ያልታወቀ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ሰውን አይዝም። ከርከሮን የማያሳምምበትን ምክንያት ያወቀ ሰው የብዙ ድሀ አርቢዎችን ኑሮ ያድናል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ እንስሶቹ ነበር። እኔ በምሠራበት አገር አንድ ጥናት ከመጀመሩ በፊት አንድ ኮሚቴ ያየዋል፤ በኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንድ የእንስሳት ሐኪምና ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ሰው መኖር አለበት። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያስቀመጧቸው ሦስት ጥያቄዎች እዚያ ይነሣሉ፦ ያለ እንስሳ ሊሠራ ይችላል ወይ? ባነሰ ቁጥር ይበቃል ወይ? ስቃዩንስ እንዴት እንቀንስ? እንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ «ይህ በሕዋስ ሊጠና ይችላል» ብዬ የመለስኳቸው ጥናቶች አሉ። ሕግ ያልጻፈው ሥራም ብዙ ነው። አሳማ ብቻውን ሲታሰር ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም የደሙን ኬሚስትሪ ስለሚለውጥ ጥናቱንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ጓደኛ አጠገቡ እናኖርለታለን። በጉልበት ከተያዘ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ በተቆራረጠ ፖም ቀስ ብሎ ከተለማመደ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ በራሱ ፈቃድ ሚዛን ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው በአፍንጫው እየነካ ፖሙን ይጠይቃል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፀጉሩ ስስ ስለሆነ ፈጥኖ ይበርደዋልና ሌሊቱን ሙቀት ሰጪ ምንጣፍ ላይ አድርገን እናሳድረዋለን። ከብዙዎቹ ጋር የምንለያየው በሞታቸው ነው፤ ይህን ለ16 ዓመታት ሠርቼ አልለመድኩትም፣ እንድለምደውም አልፈልግም።

ለቀጠሮው ስትሄዱ እነዚህን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦ የሚቀየረው የትኛው ቫልቭ ነው? ሊጠገን አይችልም ወይ? በሪውማቲክ ሕመም አንዳንዴ መጠገን ይቻላልና ይህ ከምርጫው ሁሉ ይቀድማል። ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ቫልቭ አለ ወይ? ብረቱ ቢመረጥ የደም ቅጥነት ምርመራው ከቤታችሁ በምን ያህል ርቀት ይገኛል? እኅትዎ ልጅ መውለድ ታስባለች ወይ? ይህን የመጨረሻውን እናት ወይም ወንድም ሳይሆን እርሷ ራሷ ትመልስ። ቫልቩ ከገባ በኋላም ዓይነቱ፣ መጠኑና የተሠራበት ነገር የተጻፈበት ካርድ ይሰጣታል፤ ካርዱን ፎቶ አንሥታችሁ በሁላችሁም ስልክ ላይ አስቀምጡት፣ ጥርስ ለመነቀል እንኳ ስትሄድ ታሳየው።